ጃቫውን አራተኛ ጊዜ ከመጫንሽ በፊት የሚመልስልሽ የትኛው ጃቫ እንደሆነ እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብሁት። የሱቁ ንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም በጃር ፋይል (ጃቫ በሚባለው ማስኬጃ የሚከፈት የታሸገ ፕሮግራም) በፍላሽ ተሰጥቶሻል። በሰጪው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ባንቺ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ሁለቴ ሲጫኑት ዝም ነው። ከጃቫ ድረ ገጽ ሦስት ጊዜ አውርደሽ ጭነሻል። ኮምፒውተር ቤት «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ብለውሻል። አንዴ ደግሞ በሌላ ማሽን ሲከፈት የዕቃዎቹ የአማርኛ ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ታይቷል። ከዚህ ሌላ በሁለት ተጨማሪ ማሽኖች ላይም ልትጭኚው ትፈልጊያለሽ።

ከሁሉ በፊት ፎርማቱን እምቢ በዪ። ኤረሩን ሳያነቡ ፎርማት የሚፈርዱ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ዳታቸውን የሚያስቀምጡት ብዙ ጊዜ ከጃር ፋይሉ አጠገብ ወይም ሲ ድራይቭ ውስጥ በተጠቃሚው ስም በተከፈተው ፎልደር ነው፤ በፎርማት ሁለቱም ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ጃቫውን ከዚያው ድረ ገጽ ስታወርጂው ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ጃቫን ማራገፍና መጫን ግን ዳታሽን አይነካም፣ በዚህ አትስጊ።

ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፊያቸው፤ እኔ አነባበባቸውን አስቀምጣለሁ።

1. ኤረሩን አስወጪው። ጃር ፋይል ሁለቴ ሲጫኑት የሚከፍተው ጃቫደብሊው የሚባለው ነው። እሱ ጥቁሩን መስኮት አያመጣም፤ ሲወድቅ አንዳንዴ አጭር ሣጥን ያወጣል እንጂ ዝርዝሩን የሚናገርበት ቦታ የለውም፣ ዝም ያለሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ጃር ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ክፈቺ፣ ከላይ አድራሻው የሚታይበት ቦታ ላይ ሲኤምዲ ብለሽ ጽፈሽ ኢንተር በዪ። ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ላይ ይከፈታል። ከዚያ ጃቫ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ጃር፣ ክፍት ቦታ፣ የፋይሉ ስም። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጽፈሽ ታብን ብትጫኚ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

እንደሚመስለኝ የሚወጣልሽ «አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን ኤረር» ነው። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ አትደንግጪ፤ ውስጡ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ፈልጊ፦ 61.0 እና 52.0። ከሁለቱም 44 ቀንሺ። ከ61 ሲቀነስ 17 ይቀራል፤ ፕሮግራሙ የተሠራው ለጃቫ 17 ነው ማለት ነው። ከ52 ሲቀነስ 8 ይቀራል፤ ማሽንሽ ላይ የሚሠራው ጃቫ 8 ነው። 55 ካየሽ 11፣ 65 ካየሽ 21 ነው። አዲስ ጃቫ ለአሮጌው የተሠራውን አብዛኛውን ጊዜ ያነባል፣ አሮጌው ግን ለአዲሱ የተሠራውን ፈጽሞ አያነብም።

ከጃቫ ድረ ገጽ ሦስት ጊዜ ብታወርጂ ሦስቴም የተሰጠሽ 8 ነው፤ ያ ገጽ ለተራ ተጠቃሚ የሚያቀርበው እሱን ነው። ሰውን የሚያሳስተው የአፕዴት ቁጥሩ ነው። «አፕዴት 400 ምናምን» ሲል አዲስ ይመስላል፣ ግን ያው 8 ነው።

2. በዚያው መስኮት ዌር ጃቫ ብለሽ ጻፊ። በፓዝ (ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ የሚገኙትን ጃቫዎች በተራቸው ይዘረዝርልሻል፣ የሚሠራው በመጀመሪያው መስመር ያለው ነው። ጃቫ ሰረዝ ቨርዥን ብትዪ ደግሞ ቁጥሩን ይነግርሻል። የመጀመሪያው መስመር ውስጥ «ኦራክል» እና «ጃቫፓዝ» የሚሉ ቃላት ካሉ ነገሩ ተገኘ። የኦራክል (የጃቫ ባለቤት የሆነው ኩባንያ) መጫኛ ይህን ፎልደር ከሲስተሙ ፓዝ ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል፤ 17ን ብትጭኚም 8 ከፊት ተሰልፎ እሱ ሊመልስ ይችላል። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ጃቫ በዩዘር ፓዝ ላይ ይጨምርና ይጠብቃል፤ ዊንዶውስ ግን መጀመሪያ የሚያየው የሲስተሙን ነው፣ የዩዘሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሌላ አሮጌ ፕሮግራም 8ን የማይፈልግ ከሆነ ኮንትሮል ፓነል ገብተሽ በጃቫ ስም የተመዘገበውን ሁሉ አራግፊ። የሚፈልግ ካለ ተዪው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ሾርትከቱ ላይ እንለያቸዋለን።

3. ጃቫ 17ን ከኢክሊፕስ አዶፕቲየም ገጽ አውርጂ፣ ስሙ ቴሙሪን ነው። ነፃና ክፍት ነው። ኦራክል ከሚያዝያ 2019 (በፈረንጅ) ወዲህ ያወጣቸውን የጃቫ 8 አፕዴቶች ለግል አገልግሎት በነፃ ቢፈቅድም ለንግድ ሥራ ግን ክፍያ ይጠይቃል፣ ያንቺ ደግሞ ሱቅ ነው። ስትመርጪ ዊንዶውስ፣ ኤክስ64 (ባለ 64 ቢት)፣ ጄአርኢ (ማስኬጃው ብቻ)፣ ኤምኤስአይ (የመጫኛ ፋይሉ ዓይነት)። ጄዲኬ የሚባለው ፕሮግራም ለሚጽፉ ነው፤ ቢጫንም አይጎዳም፣ ግን መጠኑ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ዳታሽን ለምን ትጨርሺ? ማሽንሽ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ (ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ላይ ይታያል) ኤክስ86 የሚለውን ምረጪ፤ ባለ 64ቱ እዚያ ላይ አይጫንም።

   

መጫኛው ሲከፈት ኔክስት ኔክስት እያልሽ አትለፊ። አንዱ ገጽ ላይ የአማራጮች ዝርዝር አለ፤ ቀይ ኤክስ ያለበት አይጫንም። ፓዝ ላይ መጨመርና የጃር ፋይልን ማያያዝ የሚሉት ክፍት መሆናቸውን እዪ። ጃቫ ሆም (ጃቫ የት እንዳለ ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚነግር ቅንብር) የሚለው ኤክስ ካለበት ተጭነሽ እንዲጫን አድርጊው። እዚያው ገጽ ላይ የሚጫንበትን ፎልደርም ቀይሪ፦ በሲ ድራይቭ ሥር በቀጥታ ጃቫ17 በዪው። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን በኋላ የምታድንሽ እሷ ናት። ቴሙሪን በራሱ የሚመርጠው ፎልደር ሙሉውን የቨርዥን ቁጥር በስሙ ይይዛል፤ አፕዴት ባደረግሽ ቁጥር ስሙ ይለወጣል፣ ሾርትከትሽም ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል።

ከጫንሽ በኋላ የቆየውን ጥቁር መስኮት ዝጊና አዲስ ክፈቺ። የቀድሞው የድሮውን ፓዝ እንደያዘ ነው፤ እዚያ ላይ ፈትሾ «አልሠራም» ብሎ እንደገና የሚጭን ሰው ብዙ ነው።

አሁን ከጥቁሩ መስኮት ይከፈታል፣ ሁለቴ ሲጫኑት ግን አሁንም እምቢ ሊል ይችላል፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሁለቴ መጫን ፓዝንም ጃቫ ሆምንም አያይም፤ የሚያየው ዊንዶውስ ጃር ለሚባል ፋይል የመዘገበውን መክፈቻ ብቻ ነው። ዊንራር ያለበት ማሽን ላይ ጃርን ዊንራር ይወስደዋል፣ ምክንያቱም ጃር በውስጡ የታሸገ ዚፕ ነው። የመጽሐፍ ክምሩ ምልክት ፋይሉ ላይ ካየሽ እሱ ነው። «ኦፕን ዊዝ» ብለሽ ጃቫን መምረጥም አያድንም፤ ሰረዝ ጃር የሚለው ቃል ሳይኖር ስለሚጠራው ጃቫው የፋይሉን አድራሻ የክላስ ስም አድርጎ ይፈልጋል፣ አጣሁት ብሎም ይወድቃል።

ከዚህ ጋር አትታገዪ፣ ሾርትከት ሥሪ። ፕሮግራሙን ከነፎልደሩ ከዴስክቶፕ አንሥተሽ ሲ ድራይቭ ሥር አስቀምጪ፤ የፎልደሩም የጃር ፋይሉም ስም በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይሁን። ፎልደሩን በአማርኛ «ንብረት» ብለሽ ከሰየምሽው ጃቫው አድራሻውን ሲቀበል ፊደሎቹ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጡበትና ፋይሉን አላገኘሁም ይላል። ዴስክቶፕ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ኒው፣ ሾርትከት። በሚመጣው ሣጥን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፊ፦ የጃቫደብሊው ሙሉ አድራሻ (ጃቫ17 ውስጥ፣ ቢን ውስጥ ነው)፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ዲ ፋይል ነጥብ ኢንኮዲንግ እኩል ይሆናል ዩቲኤፍ ሰረዝ 8፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ጃር፣ ክፍት ቦታ፣ የጃር ፋይሉ ሙሉ አድራሻ። ሰረዝ ዲ ከሚለው ዲ በኋላ ክፍት ቦታ የለም፣ ዲውም ትልቁ ፊደል ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ፦ ከጃር ፋይሉ ስም በኋላ የሚጻፍ ነገር ለጃቫ ሳይሆን ለፕሮግራሙ ነው የሚደርሰው።

ሾርትከቱ ከተሠራ በኋላ ፕሮፐርቲስ ክፈቺና «ስታርት ኢን» የሚለው ቦታ ላይ የፕሮግራሙን ፎልደር አድራሻ አስገቢ። ይህ ካልተሞላ ፕሮግራሙ ሊከፈት ይችላል፣ ዳታቤዙን ግን በሌላ ፎልደር ፈልጎ ያጣዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ይፈጥራል። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ሲከፈት «ዳታዬ ጠፋ» ብሎ የሚያለቅስ ሰው አለ፣ ዳታው ግን በቦታው ተቀምጧል።

አማርኛውን በተመለከተ ሦስት ዓይነት ብልሽት አለ፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየሽ የፎንት ነገር ነው፣ ዳታው ደህና ነው። ለአንድ ፊደል ሦስት ሦስት የላቲን ምልክት፣ ያውም እያንዳንዱ ላዩ ላይ ጭረት ባለው ኤ የሚጀምር ከሆነ፣ በትክክል የተጻፈው በተሳሳተ መንገድ እየተነበበ ነው፤ ይህም ይድናል። ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ግን አይመለስም። ከ18 በፊት የነበሩ ጃቫዎች ሌላ ካልታዘዙ ፋይል የሚጽፉት በዊንዶውሱ ነባር ኮድ ነው፤ በአብዛኛው ማሽን ላይ ይህ ኮድ የአማርኛ ፊደል የለውም፤ ስለዚህ «በርበሬ» አራት ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጻፋል፣ በርበሬነቱም እዚያው ያበቃል። ሰረዝ ዲውን ያስጻፍሁሽ ለዚህ ነው፤ ዩቲኤፍ 8 የአማርኛን ፊደል ጭምር የሚይዝ ኮድ ነው። ጃቫ 18 ከመጋቢት 2022 (በፈረንጅ) ጀምሮ ዩቲኤፍ 8ን ነባር አድርጎታል፣ ያንቺ ግን 17 ነው።

ስለዚህ የሱቁን ዕቃ ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ዕቃ ብቻ አስገቢ፣ «በርበሬ» በዪው፣ አስቀምጪው፣ ፕሮግራሙን ዝጊ፣ እንደገና ክፈቺው። በርበሬ ሆኖ ከተመለሰ ቀጥዪ። በዚያኛው ማሽን ጥያቄ ምልክት የሆኑትን በእጅ ነው የምታርሚያቸው፤ ባክአፕ ካለሽ እስክታርሚ ድረስ በላዩ ላይ አትገልብጪያቸው።

ሣጥን ከሆነብሽ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ ፎንት መምረጫ ካለ ኢብሪማን ምረጪ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ አለ። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት የቀረ የሚመስላቸው አሉ፤ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንት የሚለውን ብትጨምሪ ይመጣል። መምረጫ ከሌለው ጃቫ17 ውስጥ ሊብ፣ ሊብ ውስጥ ፎንትስ፣ ፎንትስ ውስጥ ፎልባክ የሚል ፎልደር ፍጠሪና የፎንት ፋይሉን እዚያ ገልብጪ፤ ጃቫ ፊደል ሲያጣ የሚፈልገው እዚያ ነው።

17ን ጭነሽ ኤረሩ «ጃቫኤፍኤክስ» የሚል ቃል ይዞ ከመጣ ሌላ ታሪክ ነው። ያ የፕሮግራሞችን መስኮትና ቁልፎች የሚሠራ ክፍል ከጃቫ 11 ጀምሮ ተለይቶ ወጥቷል፤ ቴሙሪንን አራግፊና የቤልሶፍት ሊቤሪካ 17ን «ፉል» የሚለውን ዓይነት ጫኚ። «ኦብጀክት ሂፕ» የሚል ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ሾርትከቱ ላይ ከማሽኑ በላይ ሜሞሪ ጠይቆበታል፤ ሰረዝ ኤክስኤምኤክስ የሚለውን አጥፊው።

ሌሎቹ ሁለት ማሽኖች ላይ ስትጭኚ እንደገና አታውርጂ፤ ያንኑ ኤምኤስአይ በፍላሽ ውሰጂ። ኔት ሲቆራረጥ የወረደ ፋይል ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል ከመውሰድሽ በፊት ሰርትዩቲል፣ ሰረዝ ሃሽፋይል፣ የፋይሉ ስም፣ ሻ256 ብለሽ በጥቁሩ መስኮት ጻፊና የሚወጣውን ረጅም ቁጥር አዶፕቲየም ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። ሦስቱም ማሽን ላይ ፎልደሩ ጃቫ17 ከሆነ፣ የፕሮግራሙም ፎልደር ስሙና ቦታው አንድ ከሆነ፣ የሠራሽውን ሾርትከት ራሱን ገልብጠሽ ብትወስጂው ይሠራል።

ኤረሩ ከ61 እና ከ52 የተለየ ከሆነ ጥቁሩን መስኮት ፎቶ አንሥተሽ ከነ ዌር ጃቫ መልሱ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።