ቅዳሜ የጸዳው ወንዝ ሰኞ ለምን ይቆሽሻል?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፣ ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው የምኖረው። ከሰፈር ልጆች ጋር በየወሩ የወንዙን ዳር እናጸዳለን። ጓንት አዋጥተን ገዝተናል፣ ፌስታሉንና ሃይላንዱን በማዳበሪያ ሞልተን እናወጣለን። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ እዚያው ነው። ከላይ በኩል አንድ መኪና ማጠቢያ ቆሻሻ ውሃውን ወደ ወንዙ ይለቃል፣ የሁለት ግቢ የሽንት ቤት ቱቦም አለ። ለወረዳው ነግረን «እናየዋለን» ተባልን። ልጆቹ ተስፋ እየቆረጡ ነው። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹን ያደከማቸው ሥራው አይመስለኝም። ውሃ በወንፊት ሲሆንባቸው ነው። ጽዳቱን አትተዉት፤ ግን ከጽዳቱ ቀን አንድ ሰዓት ቀንሳችሁ ለወረቀት ስጡት።

«ነግረን» ያልሽው ላይ ነው ችግሩ። በአፍ የተነገረ ነገር ቢሮ ውስጥ አይቀመጥም። የሰማችሁ ሰው ነገ ይዛወራል፣ አዲሱ ደግሞ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ጻፉት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 አጭር ናት፣ ተሰብስባችሁ አንብቧት። ማንኛውም ሰው፣ «እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል ትላለች። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው ውሳኔ ካላረካችሁ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

እንግዲህ ቀኗ ናት ዋናዋ። ደብዳቤውን ሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱን ለመዝገብ ቤት ትሰጣላችሁ፣ ሌላው ላይ የገቢ ማህተም ከነቀኑና ከነቁጥሩ አስመትታችሁ ትይዛላችሁ። ያ ማህተም ከሌለ 30 ቀኑ ከየት ተነስቶ ይቆጠራል?

ደብዳቤው ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይሁን፣ ግልባጩ ለወረዳው። ለትክክለኛው ቢሮ መጻፍ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ከዓመታት በፊት አፓፕ የሚባለው የባለሙያዎች ማህበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት አቁሞ ነበር። ክሱ ውድቅ የሆነው ትክክለኛው ተከሳሽ እሱ አይደለም በሚል ነው። ብክለቱ አፍጥጦ እየታየ፣ ጉዳዩ በር ላይ ቀረ። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ይዘቱን በተመለከተ «ሰፈራችን ተበከለ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የትኛው ቱቦ፣ ከየትኛው ድልድይ ስንት ሜትር ላይ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚለቀቅ ጻፉ። ቀን ያለበት ፎቶ አያይዙ። አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. ያወጣችውን የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180/2017ም ጥቀሱ፣ ልክ የእናንተን ዓይነት ጉዳይ የሚመለከት ነው።

ከደብዳቤው በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። የመኪና ማጠቢያውን ባለቤት ሄዳችሁ አነጋግሩት፣ ሁለት ሽማግሌ ይዛችሁ። እኛ ሰፈር አንድ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ይደፋ ነበር። ፎቶውን ቲክቶክ ላይ ልንለቀው ስንል አንዲት እናት «እስቲ መጀመሪያ እንጠይቀው» አሉን። ሰውዬው የት እንደሚጥለው አያውቅም ነበር፤ አሁን በበርሜል እያጠራቀመ ለሚገዙት ይሰጣል። ሁሉም እንደሱ አይሆንም፣ እሱን አውቃለሁ። እንቢ ካለ ደብዳቤው ላይ «በዚህ ቀን አነጋግረነው ነበር» የሚል አንድ መስመር ይጨመራል፣ አቤቱታችሁን ያጠነክረዋል።

ልጆቹ ሲደክማቸው ደግሞ ወንዙ የት እንደሚሄድ ንገሪያቸው። ቀበና ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። ታች አቃቂ ላይ በዚህ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ ጎመኑም ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የእድር ሰብሳቢ ነኝ፣ ዕድሜዬ 67። የቆሻሻ ገንዳ ከልጆች ትምህርት ቤት በር አጠገብ አስቀምጠውብናል፣ ሞልቶ ቀናት ይቆያል። ይነሳልን ስንል «እናንተ ቀብር ላይ ነው ሥራችሁ» ያለን አለ። እድር በዚህ መግባት አይችልም?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ያሉዎት ሰው ተሳስተዋል። አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አለ፣ በንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አንቀጽ 44 ላይ። ሰፈሩን ቤት ለቤት የሚያውቅ፣ መዝገብ የያዘ፣ ሰው የሚያምነው ከእድር ሌላ ማን አለ? ስብሰባ ጠርታችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ አባላቱ ይፈርሙ፣ ሦስት ሰው ወክሉ። ከሦስቱ አንዷ የተማሪ እናት ብትሆን ጥሩ ነው። የጽዳት ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር እንደምትከፍሉም አትርሱ፤ የከፈላችሁበትን አገልግሎት ነው የምትጠይቁት፣ ልመና አይደለም። ገንዳው በስንት ቀን መነሳት እንዳለበት በጽሑፍ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል።

አንድ ነገር ግን በትህትና ልለምንዎ። «ይነሳልን» ስትሉ «የት ይቀመጥ?» የሚለውንም አብራችሁ መልሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ሲደረመስ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። እዚያ የተቆለለው ከእያንዳንዳችን ቤት የወጣ ነው፤ ከደጃችን ሲርቅልን ያለቀ መስሎን ነበር፣ ሄዶ የድሃ ደጅ ላይ ነው የተከመረው። ገንዳው ከትምህርት ቤቱ በር ተነስቶ ቤት ተከራይተው በሚኖሩ፣ እድር ውስጥ በሌሉ ሰዎች ደጅ እንዳይሄድ። እነሱንም ስብሰባው ላይ ጥሯቸው፣ መኪና የሚገባበትን ቦታ አብራችሁ መርጣችሁ ደብዳቤው ላይ ጻፉት።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ መጥቼ ሦስት ዓመቴ ነው። ዜግነት የለኝም፣ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። የምኖርበት መንገድ ዝናብ ሲዘንብ በጎርፍ ይሞላል፣ ቆሻሻውም አብሮ ይመጣል። እንደኔ ዓይነቱን ሰው ማን ይሰማል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲሲ ውስጥ ኤኤንሲ የሚባሉ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች አሉ። ኮሚሽነሮቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ጎረቤቶችህ ናቸው፣ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ተነስተህ ለመናገር ዜግነት አትጠየቅም። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እነዚህ ኮሚሽኖች በጽሑፍ ለሚያቀርቡት አስተያየት ትልቅ ክብደት እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ስለዚህ ለብቻህ ከመደወል ጉዳይህን በእነሱ በኩል ብታሳልፈው ይሻላል። ቋንቋውን አትፍራ። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር ስትነጋገር አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ ትችላለህ፤ «አማርኛ» ማለት ብቻ ነው። የከተማው ምክር ቤት ፊትም ሰው ቀርቦ ይናገራል፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ መናገር ከከበደህ በጽሑፍ መላክ ይቻላል።

ሱቅ ውስጥ ለፌስታል የምትከፍላት 5 ሳንቲም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለች ናት፣ ከእሷም አብዛኛው አናኮስቲያ ወንዝን ለማጽዳት ይውላል። እሷም የመጣችው በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ነው። አንተ ዘንድ ጎርፍ ሲመጣ በስልክህ ቅረጸው፣ የመንገዱን ስምና ሰዓቱን ያዝ፣ ከሕንጻህ ሁለት ጎረቤት ጨምርና በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ሂዱ።