ከባሕር ርቆ በኤልበ ወንዝ ስለሚገኘው ፀጉራም ሸርጣን

ከሃምቡርግ ከተማ በላይ በኤልበ ወንዝ ሲያጠምዱ መቆንጠጫው ፀጉራም የሆነ ሸርጣን ትልዎን ደጋግሞ እየበላ እንዳስቸገረዎት ገልጸው፣ ከባሕር ይህን ያህል ርቆ እንዴት እንደተገኘ፣ አንዱን በቤትዎ የዓሣ ገንዳ ማኖር ይቻል እንደሆነና ይበላ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በዚያው ወንዝ ለዓመታት ስላጠመድሁ ከማውቀው ልመልስልዎ።

የገለጹት የቻይና ሸርጣን ነው። ቅርፊቱ ክብ ቢጤ ሆኖ በግራም በቀኝም አራት አራት እሾህ አለው፤ መቆንጠጫዎቹም ጓንት ያጠለቁ ይመስላሉ። በጀርመን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን፣ መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በአንዱ ወደብ ቀድተው በሌላው ከሚደፉት ውሃ ጋር እንደመጣ ይታመናል። በ1935 በለንደኑ ቴምዝ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያም በሳን ፍራንሲስኮ ተገኝቷል።

ብዙዎቻችን ሸርጣንን የባሕር እንስሳ አድርገን ስለምናስብ ነው የምንገረመው። ይህኛው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ ወደ ባሕር የሚወርደው በመጸው (ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ)፣ እሱም ዘሩን ለመተካት ብቻ ነው። እንስቷ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ እንቁላል ትታቀፋለች፤ ወላጆቹ ዘራቸውን ከተኩ በኋላ ይሞታሉ፤ ትንንሾቹ ግን ወንዙን ተከትለው ሽቅብ ይጓዛሉ። ግድብ ቢገጥማቸው ግድግዳውን ይወጣሉ፣ ካልሆነም በየብስ ዞረው ያልፋሉ። በኤልበ በኩል እስከ ቼክ ሪፐብሊክ ድረስ ዘልቀዋል።

ጉዳቱን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ፣ ባሕሩ ሲሸሽ የኤልበም ውሃ እስከ ጌስትሃክት ግድብ ድረስ ስለሚጎድል፣ በዚያ ሰዓት የጭቃውን ዳርቻ ይመልከቱ። ሸርጣኑ በዳርቻው የሚቆፍራቸው ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ቁልቁል ስለሚያዘቀዝቁ ውሃው ከሸሸ በኋላም ውስጣቸው ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ሲበዙም ዳርቻው እየተቦረቦረ ይናዳል። ለአጥማጅ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ዓሣ ሲነክስ ክሩን ይዞ ይሄዳል፤ ሸርጣን ሲሆን ግን የዘንጉ ጫፍ በዝግታ ይርገበገብና፣ ክሩን ሲስቡት ወይ ባዶ መንጠቆ ያገኛሉ፣ ወይ ክሩ ተቆርጦ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሸርጣኑ የሚሄደው በወለሉ ላይ ስለሆነ፣ ከመንጠቆው አጠገብ ትንሽ ቡሽ አስረው ትሉን ከወለሉ ከፍ ያድርጉት።

ገንዳውን በተመለከተ መልሱ አይቻልም ነው። ዝርያው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከነሕይወቱ ማኖርም ሆነ ወደ ሌላ ውሃ መልቀቅ ክልክል ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ ክዳኑን ገፍቶ የሚያመልጥ እንስሳ ነው። የያዙትን ምን እንደሚያደርጉት ግን የአካባቢዎን የአጥማጆች ማኅበር ይጠይቁ፤ የማጥመጃ ደንቡ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል።

አንዳንዶች «በልተን እንጨርሰው» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ አላምንበትም። ገበያ ያለው ነገር ጠባቂም ያገኛል፤ ሆን ብሎ የሚያዛምተው ሰው እንዳይመጣ እሰጋለሁ። የቤልጂየሙ ዘዴ ይሻላል፦ በክላይነ ኔተ ወንዝ ወለል ላይ አግድም በተዘረጋ ቦይ ውስጥ ተጓዦቹ ሸርጣኖች ይወድቁና በቱቦ ወጥተው ዳር ወዳለው መያዣ ይገባሉ፤ በዚህ መንገድ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ተይዘዋል።

መበላቱን በተመለከተ፣ እኔ በሃይማኖቴ ምክንያት አልቀምሰውም፤ በቻይና ግን በመጸው ወራት በውድ ይሸጣል። በጥሬው ወይም በደንብ ሳይበስል ፈጽሞ አይበላም፤ በእስያ የሳንባ ትል ያስተላልፋል። በአውሮፓ ወንዞች ዋናው ስጋት ዲዮክሲን የተባለው መርዛማ ኬሚካል ነው፤ በተለይ በቅርፊቱ ውስጥ ባለው ቡናማ ሥጋ ይከማቻል። ኔዘርላንድስም በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2011 በተበከሉ ትልልቅ ወንዞቿ ይህን ሸርጣን ማጥመድ ከልክላለች። የኤልበም ደለል ከቀድሞ ፋብሪካዎች ብክለት የጸዳ ስላልሆነ፣ እኔ ብሆን ለቤተሰቤ አላቀርበውም።