መልቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

አእምሮው ታሞ ከሥራ የቀረ ወጣት ብዙ ጊዜ እንጀራውን የሚያጣው ዝም ብሎ ስለጠፋ ወይም ኃፍረት ሲበረታበት መልቀቂያ ስለጻፈ ነው። ድብርት የያዘው ሰው አዋጅ ለማገላበጥ አቅም የለውምና ይህን ደኅና ሳላችሁ አንብቡት፤ ለቅርብ ሰዋችሁም አሳዩት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 85፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የአካል ሕመም ወይም የአእምሮ ሕመም ብሎ አይለይም። ፈቃዱ ከታመማችሁበት ቀን በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው ስድስቱንም ወር ቢወስድ በጠቅላላው 24,000 ብር ያገኛል። ይህ ሕመም ደግሞ ይመላለሳል፤ መስከረምን ወስዳችሁ ጥር ላይ ቢያገረሽባችሁ ክፍያው ከግማሽ ይጀምራል። የሠራተኛ ማኅበራችሁ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ካለ ከዚህ የተሻለ ሊኖረው ስለሚችል ማኅበሩን ጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነው።

በቀራችሁ ማግስት ለአሠሪው አሳውቁ። «ታምሜ ሕክምና ላይ ነኝ፣ ማስረጃ አቀርባለሁ» የሚል የስልክ መልእክት ይበቃል፤ እናንተ ካቃታችሁ እናት ወይም ወንድም ይላክላችሁ።

ማስረጃው መንግሥት ካወቀው የሕክምና ድርጅት የተሰጠ መሆን አለበት። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ ወደ ጸበል ይወስዳቸዋል፣ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ሲመለሱ የስንብት ደብዳቤ ይጠብቃቸዋል። በእምነታችሁ ተጠመቁ፤ ግን መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት አማኑኤልም ሆነ ሌላ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ቀርባችሁ ፈቃድ አጽፉ። ከጸበሉ ቦታ የሚጻፍ ደብዳቤ አይተካውም፤ ሐኪም ሳያያችሁ ላለፉት ቀናት ወደኋላ ቆጥሮ ይጽፍልኛል ብላችሁም አትጠብቁ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ ቀኑና ቁጥሩ በእናንተ ቅጂ ላይ ይጻፍ። ለአለቃ በእጅ የተሰጠ ወረቀት ይጠፋል። ፈቃዱ ሳያልቅ ቀጠሮ ይዛችሁ አሳድሱ፤ በሁለት ወረቀቶች መካከል የሚቀር ባዶ ቀን ያለ ፈቃድ እንደ መቅረት ይቆጠራል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጣም በጽሑፍ መልሱ።

«በስምምነት ልቀቅ፣ ለስምህም ይሻልሃል» የሚላችሁ ይኖራል። በዚያ ሰሞን ምንም አትፈርሙ። በፈቃዳችሁ ከለቀቃችሁ በኋላ ያለአግባብ ተሰናበትኩ ብሎ መክሰስ እጅግ ከባድ ነው።

ከተሰናበታችሁ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። ሽምግልናው ሲጓተት ቀኑ እንዳያልፍባችሁ፤ ፍርድ ቤት መቆም ካቃታችሁ ለምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ።