ሪሴት የተደረገ ማይክሮቲክ አልከፈት ሲል በማክ አድራሻው ይግቡ

ጥያቄ፦ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ኢንተርኔቱን ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው ባለ አምስት ፖርት ማይክሮቲክ ሄክስ ራውተር ነው፤ ያስተካከለው ቴክኒሺያን ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ሰሞኑን መስመሩ ሲዘገይ «ሪሴት አድርገው» ተባልኩና በዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራም) ገብቼ ሪሴት አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ የራውተሩ አድራሻ 192.168.88.1 አይከፈትም። ላፕቶፔ 169.254 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያሳያል። ገመዱን ፖርት 1ም ፖርት 2ም ላይ ሞክሬያለሁ። መብራቶቹ እንደበሩ ቀዳዳውን በስቴኪኒ ደጋግሜ ተጫንኩት፤ ለውጥ የለም። ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ አልተቃጠለም። አድራሻው ብቻ ነው የጠፋው። 169.254 ላፕቶፑ አይፒ ጠይቆ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ሄክሱ ወደ ፋብሪካው አሠራር ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ከፖርት 2 እስከ 5 ለሚሰካ ሁሉ ከ192.168.88.10 ጀምሮ አይፒ ያድል ነበር። ፖርት 2ን ሞክረው ስላላገኙ ግምቴ አንድ ነው፤ ሪሴት ሲያደርጉ «ኖ ዲፎልት ኮንፊገሬሽን» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ነበረበት። እንዲህ ሲሆን ራውተሩ ባዶውን ይነሣል። አይፒ የለውም፣ ዲኤችሲፒ (አይፒ የሚያድለው) የለውም፣ ፋየርዎልም (ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደው) የለውም። 192.168.88.1ን ቀኑን ሙሉ ቢጽፉ የሚመልስልዎ አይኖርም።

ስቴኪኒው ያልሠራው ራውተሩ በርቶ ሳለ ስለተጫኑት ነው። ሪሴት የሚያደርገው ኤሌክትሪኩ ከመግባቱ በፊት ተጭነው ከያዙት ብቻ ነው። እንኳንም አልሠራ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ላፕቶፑን ከመንካትዎ በፊት ከኢንተርኔት አቅራቢው ሳጥን ወደ ራውተሩ የሚገባውን ገመድ ይንቀሉት። አሁን ያለዎት ዕቃ ፋየርዎል የሌለውና ምናልባትም «አድሚን» ብሎ ያለ ፓስወርድ የሚከፈት ነው። የዊንቦክስን ፖርት 8291ን ኢንተርኔት ላይ ሌት ተቀን የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲቪኢ-2018-14847 የተባለው የዊንቦክስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲወጣ ማይክሮቲክ ማረሚያውን ያወጣው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነበር። ሳይታደሱ የቀሩት ራውተሮች ግን የሌሎች መገልገያ ሆነው ቆዩ፤ በ2021 የታየው ሜሪስ የተባለው የጥቃት መረብ በአብዛኛው የተገነባው በማይክሮቲክ ዕቃዎች ነው። ስለዚህ ገመዱ ይነቀል፤ ፓስወርድና ፋየርዎል ሳይኖር አይመለስ።

አሁን ላፕቶፑን ከፖርት 3 ጋር ያገናኙ። ፖርት 1ን ይተዉት፤ ግምቴ ስቶ ራውተሩ የፋብሪካው አሠራር ላይ ከሆነ ፖርት 1 የኢንተርኔት መግቢያ ስለሆነ በፋየርዎል ይዘጋል፣ ዊንቦክስም ከዚያ በኩል አያየውም። ዋይፋዩን ያጥፉ። ቪፒኤን ወይም ቨርቹዋልቦክስ ካለዎት የእነሱንም ኔትወርክ ካርድ ዲሴብል ያድርጉ። የገመዱን ካርድ አይፒ በእጅ 192.168.88.2፣ ሰብኔት ማስኩን 255.255.255.0 አድርገው ጌትዌዩን ባዶ ይተዉት። የዊንዶውስ ፋየርዎልን ለጊዜው ያጥፉት፤ ላፕቶፑ ከራውተሩ በቀር ከማንም ጋር አልተገናኘምና አያሰጋም።

አድራሻ የሌለው ዕቃ እንዴት እንደሚከፈት ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ፤ ይህን የተረዳ ሰው ራውተር ተቆለፈብኝ ብሎ አይጨነቅም። እያንዳንዱ ፖርት ከፋብሪካ ሲወጣ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው ማክ አድራሻ ተሰጥቶታል። ሪሴት ይህን አይነካውም። በአንድ ገመድ የተገናኙ ሁለት ዕቃዎች ምንጊዜም የሚነጋገሩት በማክ ነው፤ አይፒ ከላይ የተለጠፈ ነው። 192.168.88.1 ብለው ሲጽፉ ላፕቶፑ መጀመሪያ ገመዱ ላይ ላለው ሁሉ «192.168.88.1 ማን ነው? ማክህን ንገረኝ» ብሎ ይጮኻል፤ አርፕ የሚባለው ይህ ነው። «እኔ ነኝ» የሚል ከሌለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ላፕቶፑን 192.168.88.2 ካደረጉት በኋላ ፒንግ ቢያደርጉና «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» የሚለው መልስ ከራሱ ከ192.168.88.2 ቢመጣ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ጥያቄው መልስ አጣ እንጂ ራውተሩ አልሞተም። የቤት ቁጥሩ የተነቀለ ሰው በስሙ ሲጠሩት አቤት እንደሚል ሁሉ ራውተሩም በማኩ ሲጠሩት ይመልሳል።

ማይክሮቲክ ለዚህ ሁለት ነገር አዘጋጅቷል። አንደኛው ራውተሩ ስሙን፣ ሞዴሉንና ማኩን በዩዲፒ 5678 ለጎረቤቶቹ ማሳወቁ ነው፤ ዊንቦክስ «ኔይበርስ» ላይ የሚያሳየው ዝርዝር የሚሞላው ከዚህ ነው። ሁለተኛው በማክ የሚደረገው ግንኙነት ሲሆን በዩዲፒ 20561 ለሁሉም በሚደርስ መልእክት ስለሚላክ የራውተሩን አይፒ አይፈልግም። ዊንዶውስ ግን እንዲህ ያለውን መልእክት ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ራሱ በመረጠው አንድ ካርድ ብቻ ነው። ዋይፋዩን ያስጠፋሁዎት ለዚህ ነው፤ ዋይፋይ በርቶ ከሆነ ጥሪው በዚያ በኩል ይወጣና ሄክሱ ጋ አይደርስም። ራውተሩን «ሞተ» ብለው የሚጥሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሌላም አለ፤ ይህ መንገድ አንድ ገመድ ወይም አንድ ስዊች ላይ ላለ ዕቃ እንጂ ከሌላ ራውተር ማዶ ላለ አይሠራም፣ አልፎ አልፎም ይቋረጣል። ለመግቢያ ብቻ ይጠቀሙበት።

ዊንቦክስን ከማይክሮቲክ ድረ ገጽ በሌላ መስመር አውርደው ይክፈቱ። «ኔይበርስ» ላይ ሄክሱ በአይፒ አምዱ 0.0.0.0 ይዞ ይታያል። የሚጫኑት ማክ አድራሻውን ነው፤ አይፒውን ከጫኑ ዊንቦክስ 0.0.0.0ን ሊከፍት ይሞክርና ይወድቃል። ስም «አድሚን» በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል፣ ፓስወርድ ባዶ። ባዶው እምቢ ካለ አዳዲሶቹ ዕቃዎች ጀርባቸው ላይ ባለው ተለጣፊ የራሳቸው ፓስወርድ ተጽፎባቸዋል፤ ዜሮንና ኦን እየለዩ ያስገቡት።

እንደገቡ አዲስ ነገር መገንባት አይጀምሩ። «አይፒ» ውስጥ «አድሬስስ» ላይ ገብተው 192.168.88.1/24ን ለኢተር3 (ለፖርት 3) ይስጡት፤ ወጥተው በዚሁ አይፒ ይመለሱ፤ ግንኙነቱ ይጸናል። ከዚያ በቀጥታ ወደ «ፋይልስ»። ሪሴት ከምናሌው ሲደረግ «ዱ ኖት ባክአፕ» ላይ ምልክት ካልነበረ ራውተሩ የድሮውን አሠራር «ኦቶ ቢፎር ሪሴት» በሚል ስም አስቀምጦታል። በአንዳንድ ሞዴል «ፍላሽ» የሚባል ማኅደር ውስጥ ነው። ፋይሉን እየጎተቱ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጡት። ሳያስቀምጡ ሁለተኛ ሪሴት ቢያደርጉ ባዶው አሠራር በዚያው ስም ይተካበታል፤ የድሮው ለዘላለም ሄደ ማለት ነው። ስቴኪኒው ባለመሥራቱ እንኳንም ያልኩት ፋይሉ ሳይነካ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ነው።

ይህን ፋይል «ሪስቶር» ከማድረግዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ፤ የድሮዎቹ ተጠቃሚዎችና ፓስወርዶችም አብረው ይመለሳሉ። ፓስወርዱን ዊንቦክስ ስላስታወሰልዎ ብቻ ይገቡ ከነበረና ራስዎ የማያውቁት ከሆነ ተመልሰው ይቆለፋሉ። ፓስወርዱ ካለዎት ይመልሱት። «ፒፒፒ» ውስጥ ያለውን የፒፒፒኦኢ (ከአቅራቢው ጋር የሚያገናኘው መግቢያ) የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ኮከብ ኮከብ ብቻ ካሳየዎት በዊንቦክስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሃይድ ፓስወርድስ» የሚለውን ያንሱ። የሆትስፖት (እንግዶች ስምና ፓስወርድ የሚያስገቡበት ገጽ) ተጠቃሚዎች ካሉም ይመዝግቡ። ቀጥሎ «ሲስተም» ውስጥ «ስኬጁለር»ንና «ስክሪፕትስ»ን፣ «ዩዘርስ»ን፣ «አይፒ» ውስጥ ደግሞ «ሶክስ»ን (የሌላ ሰው ግንኙነት በራውተርዎ በኩል እንዲያልፍ የሚያደርገውን) ይመልከቱ። የማያውቁት ተጠቃሚ፣ በየሰዓቱ ፋይል የሚያወርድ ስክሪፕት ወይም የበራ ሶክስ ካገኙ መስመሩ የዘገየው ሌላ ሰው ራውተርዎን እየተጠቀመበት ነውና ያንን አሠራር አያቆዩት። ንጹሕ ከሆነና ሆትስፖቱ ይሠራ ከነበረ እሱኑ ይዘው ፓስወርዱን ቀይረው ይቀጥሉ።

አዝናለሁ፣ ግን ይህ ሁሉ የሚመጣው ሥራውን ለባለቤቱ ሳያስረክቡ ከሚሄዱ ሰዎች ነው። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት፣ ባክአፕ በፍላሽ ዲስክ ማስቀመጥ፣ የፒፒፒኦኢውን መረጃ መተው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህም የከፋው «ፋየርዎሉ ያስቸግራል» ብለው ከነጭራሹ የሚያጠፉት ናቸው።

ፋይሉ ከሌለ ወይም ካላማረዎት የፋብሪካውን አሠራር ያምጡ። «ሲስተም» ውስጥ «ሪሴት ኮንፊገሬሽን» ላይ «ዱ ኖት ባክአፕ»ን ብቻ ምልክት አድርገው ሌሎቹን ሳጥኖች ባዶ ይተዉ። ሲነሣ የላፕቶፑን አይፒ ወደ አውቶማቲክ ይመልሱ፤ 192.168.88.1 ይከፈታል። መጀመሪያ የሚወጣልዎት መስኮት ሁለት ቁልፍ አለው፤ «ኦኬ»ን ይጫኑ። «ሪሙቭ ኮንፊገሬሽን»ን ከነኩ አሁን ወደነበሩበት ባዶ ራውተር ይመለሳሉ።

ፓስወርድ ያስገቡ። «አይፒ» ውስጥ «ሰርቪስስ» ላይ ቴልኔትን፣ ኤፍቲፒን፣ ኤፒአይንና ዌቡን ያጥፉ፤ ዊንቦክስን «አቬይለብል ፍሮም» በሚለው 192.168.88.0/24 ብቻ እንዲያይ ያድርጉት። ፒፒፒኦኢውን በ«ኩዊክ ሴት» ቢያስገቡ ይሻላል። በእጅ ከፈጠሩት ግን «ኢንተርፌስ ሊስት» ውስጥ ወደ «ዋን» (የኢንተርኔት በኩል) ዝርዝር መጨመሩን አይርሱ። ከራውተሩ ፒንግ ሄዶ ከኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት ካጡ ምክንያቱ እሱ ነው፤ የፋብሪካው ማስክሬድ (ኮምፒውተሮቹን በራውተሩ አይፒ ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው ደንብ) የሚሠራው «ዋን» ውስጥ ላለው ብቻ ነው። የአቅራቢው ሳጥን ራሱ ፒፒፒኦኢውን የሚደውል ከሆነ ይህን ሁሉ ይተዉት፣ ፖርት 1 አይፒ በራሱ ይቀበላል። የፒፒፒኦኢ መረጃው ከጠፋና መስመርዎ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ይደውሉ። የነቀሉት ገመድ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ ፓስወርዱ ገብቶ ፋየርዎሉ በዓይን ታይቶ።

«ኔይበርስ» ላይ ምንም ካልታየ ገመዱን ይጠርጥሩ። ስምንቱ ሽቦ ሳይሆን አራቱ ብቻ የተሰኩበት፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ፣ መቆለፊያው ተሰብሮ በወረቀት የተወጠረ ገመድ ብዙ ሰው ያንገላታል። አዳፕተሩንም ይዩት፤ ዋናው 24 ቮልት ነው። ሄክሱ ከ8 እስከ 30 ቮልት ይቀበላል፤ ርካሹ ምትክ ግን ላዩ ላይ የተጻፈውን አያወጣም፤ ሥራ ሲከብድ ራውተሩ ይጠፋል ይበራል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቁልፉ ይቀራል። አዳፕተሩን ነቅለው ቁልፉን ይጫኑ፤ እንደተጫነ አዳፕተሩን ይሰኩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ከለቀቁ ሪሴት ይሆናል። 5 ሴኮንድ ከጨመሩ መብራቱ ቀጥ ብሎ ይበራል፤ እዚያ ላይ ከለቀቁ ራውተሩ በሌላ ተቆጣጣሪ የሚታዘዝ የዋይፋይ ማሰራጫ ሊሆን ይሞክራል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ሌላ 5 ሴኮንድ ይዘው መብራቱ ሲጠፋ ከለቀቁ ኔትኢንስቶልን (የራውተሩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ የሚጭነውን የማይክሮቲክ ፕሮግራም) ይፈልጋል። ያኔ ገመዱ ፖርት 1 ላይ ይሁን፤ ላፕቶፑ 192.168.88.2፣ ኔትኢንስቶል ውስጥ የቡት ሰርቨሩ 192.168.88.3 ይሁን። ለሄክስ አርቢ750ጂአር3 የሚሆነው የኤምሚፕስ (የፕሮሰሰሩ ዓይነት) ፋይል ነው። «አፕላይ ዲፎልት ኮንፊግ» ላይ ምልክት ያድርጉ። ላፕቶፑ ራውተሩ ሲነሣ መስመሩን እየጣለ ካስቸገረ በመሃል ትንሽ ስዊች ያግቡ። ኔትኢንስቶል ሲያልቅ የአቅራቢውን ገመድ ቶሎ አይስኩ፤ ፓስወርዱ እንደገና ባዶ ሊሆን ይችላል።

ቁልፉ ምንም ያህል በትክክል ቢያዝ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፤ የቀድሞው ቴክኒሺያን «ፕሮቴክትድ ራውተርቡት»ን (ቁልፉን የሚቆልፈውን አማራጭ) ካበራው። ያን ጊዜ ቁልፉ የሚሰማው እሱ በወሰነው የሴኮንድ ቁጥር ልክ ከተያዘ ብቻ ነው፤ ውስጡን ሙሉ በሙሉ ይጠርግና ኔትኢንስቶል ይጠብቃል። ሰውየውን ፈልገው ቁጥሩን ይጠይቁት።