ጃክ አኒማም ወደ ውጭ የወጣችው ከዩኒቨርሲቲ ነው

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነሽ። ቅርጫት ኳስ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ተጫውተሻል። አሁን ከምትማሪበት ከተማ ርቆ የሚገኝ አንድ ክለብ ደመወዝ ቆርጦ ይፈልግሻል፤ ሥራ አስኪያጁም «ትምህርት ይደርሳል፣ ጉልበት ግን ዛሬ ነው» ብሎሻል። አባትሽ አይሆንም ብለዋል። አንቺ ደግሞ ስለ ፊሊፒናዊቷ ጃክ አኒማም አንብበሽ «እሷ በኳስ ብቻ ሰርቢያ፣ ፈረንሳይና ቻይና ደረሰች፤ እኔስ ትምህርቱን አቁሜ ለምን አልሞክርም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ምሳሌሽን ወድጄዋለሁ። ግን ታሪኳን የጀመርሽው ከመሃሉ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው።

ፊሊፒንስ ለቅርጫት ኳስ ያበደ አገር ናት። ወንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1954 የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጥተዋል፤ ፕሮፌሽናል ሊጋቸው በ1975 ሲመሠረት በእስያ የመጀመሪያው ነበር። በ2023 የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ቀን 38,115 ሰው አዳራሽ ገብቶ አይቷል። በዚህ ሁሉ ፍቅር መካከል ግን ሴቶቹ በሙያው እንጀራ የሚበሉበት ሊግ ለረጅም ጊዜ አልነበራቸውም። የሴቶች ብሔራዊ ሊግ የሚባለው የፕሮፌሽናል ፈቃድ ያገኘው በ2020 ነው። ስለዚህ አንዲት ጎበዝ ልጅ በአገሯ የምትደርስበት ትልቁ መድረክ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ነበር። ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ይሳተፉበታል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኞችም ዓይናቸውን የሚጥሉት እዚያ ላይ ነው።

አኒማም የወጣችው ከዚህ ነው። በማኒላው ናሽናል ዩኒቨርሲቲ አምስት የውድድር ዘመን ተጫውታ አምስቱንም ዋንጫ አንስታለች፤ በእነዚያ ዓመታት ቡድኗ በዚያ ውድድር አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ዩኒቨርሲቲው ያለ ሽንፈት የተጓዘባቸው ጨዋታዎች በድምሩ 108 ደርሰው፣ ጉዞው የተቋረጠው እሷ ከሄደች በኋላ በ2022 ነው። የቡድኑ አሰልጣኝ ፓት አኪኖ የብሔራዊ ቡድኑም አሰልጣኝ ነበር። ልብ በይ፣ ለብሔራዊ ቡድን ያበቃት መንገድ በዩኒቨርሲቲው ሜዳ በኩል ያለፈ ነው። በ2019 ፊሊፒንስ ራሷ ባስተናገደችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች አገሪቱ በሴቶች ቅርጫት ኳስ የመጀመሪያውን ወርቅ ስታገኝ እሷ ከምሰሶዎቹ አንዷ ነበረች። በየቡድኑ ሦስት ተጫዋች በሚሰለፍበት የሦስት ለሦስት ውድድርም ወርቅ ወሰደች።

ከዚያስ? ወዲያው ወደ አውሮፓ ክለብ አልሮጠችም። ታይፔ ወደሚገኘው ሺህ ሺን ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ሄዳ እየተማረች ተጫወተች፤ እዚያም ሻምፒዮን ሆነች። የሰርቢያው ራድኒችኪ ክራጉየቫጽ ያስፈረማት ከዚህ በኋላ በ2021 ነው። ስለዚህ «በኳስ ብቻ» የሚለው ሐሳብሽ እውነቱን አያሳይም። ኳሱና ክፍሉ አብረው ሄደዋል፤ እንዲያውም አንዱ ለሌላው በር ከፍቶለታል።

አሁን አንቺ በደብዳቤሽ በአንድ መስመር ወዳለፍሽው ጉዳይ እመጣለሁ። ሰርቢያ በሄደች በጥቂት ወራት ውስጥ የጉልበቷ የፊት ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጉዳት ሴት ተጫዋቾችን ከወንዶቹ አብልጦ የሚያጠቃ ነው፤ ቀዶ ጥገና ተደርጎም ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወር፣ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። አኒማም ለብሔራዊ ቡድኗ ተመልሳ የተጫወተችው በ2023 ነው። ከዚያ ፈረንሳይ ፌይቲያ ለሚባል ክለብ፣ ቀጥሎም ቻይና ዉሃን ውስጥ ተጫወተች። መመለሷን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ግን ያን ያህል ጊዜ ያለ ጨዋታ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም አስቢበት። የአውሮፓ ክለቦች ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ የውድድር ዘመን ነው፤ በመከር ይጀምርና በጸደይ ያልቃል። ጉልበት ግን የውሉን ማብቂያ አይጠብቅም።

ከዓመታት በፊት ያማከርኳት አንዲት ልጅ ልክ እንዳንቺ ትምህርቷን አቋርጣ ክለብ ገባች። በሁለተኛው ወር ጉልበቷ ተጎዳ፤ በአራተኛው ወር ደመወዟ ቆመ። ውሏ ላይ ስለ ሕክምና አንዲት ቃል አልተጻፈችም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትመለስ ስትል ደግሞ ዊዝድሮው የሚባለውን የማቋረጫ ቅጽ ሳትሞላ በመውጣቷ እንደ አዲስ ጀምሪ ተባለች። እስካሁን ይቆጨኛል፤ ከመሄዷ በፊት ሬጅስትራር ሂጂ አላልኳትምና።

ስለዚህ ላንቺ የምለው ይህ ነው፤ አሁን ትምህርትሽን አታቋርጪ። ኳሱንም አትተዪ። በመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲሽን የስፖርት ክፍል ኃላፊ አግኚና ቡድን ካለ ግቢ፤ ከሌለ ፈተና የማይነካ የልምምድ ሰዓት ያለው ክለብ በምትማሪበት ከተማ ፈልጊ። ለጠየቀሽ ክለብ ደግሞ «በእረፍት ወራት መጥቼ ልጫወት፣ ስመረቅ ሙሉ በሙሉ ልግባ» በያቸው። ከልብ የሚፈልጉሽ ከሆነ ይነጋገሩበታል። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ካዞሩ፣ ስትጎጂ ምን እንደሚያደርጉ ከወዲሁ አይተሻል።

ጨዋታሽን የሚያሳይ ቪዲዮ ከአሁኑ አስቀምጪ፤ አጭር ቅንጥብጣቢ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጨዋታዎችን። አሰልጣኝ ማየት የሚፈልገው ኳስ በእጅሽ በሌለ ጊዜ የት እንደምትቆሚ ነውና። ፓስፖርትሽንም አውጪ። ከልምምድ በፊት ዘለሽ ስታርፊ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚያለማምድ ማሟሟቂያና የኋላ ጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሰልጣኝሽን ጠይቂ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ይህን ጉዳት እንደሚቀንስም በጥናት ተረጋግጧል።

ይህን ሁሉ ሰምተሽም ልሂድ ካልሽ፣ ውሉን በጽሑፍ ተቀበይ። ስትጎጂ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል፣ በማገገሚያው ጊዜ ደመወዝሽ ይቀጥል እንደሆነ፣ ሌላ ክለብ ቢፈልግሽ ማን እንደሚለቅሽ ተጽፎ ይኑር። ሬጅስትራር ሄደሽም ለስንት ጊዜ መቅረት እንደምትችይና እንዴት እንደምትመለሺ በማኅተም አስጽፊ። ከመፈረምሽ በፊት ሁለቱንም ወረቀት ለአባትሽ አሳዪያቸው። ለእኔም ላኪልኝና አብረን እናነበዋለን።