ሹሩባ ስትሠራ ለምታለቅስ ልጅ

አብሽሪ እህቴ! የሦስት ዓመት ልጅሽ ሹሩባ ስትሠሪያት የምታለቅሰው፣ ብዙውን ጊዜ ጉንጉኑ ሳይሆን ማበጠሩ ስለሚያማት ነው። ጥቅልል ጸጉር ደረቁን አይበጠርም። ውኃ ርጪበት፣ ኮንዲሽነር ቀቢው። ከዚያ ሥሩን በአንድ እጅሽ ያዝ አድርጊና ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ላይ እያልሽ ፍቺው። ሥሩ ከተያዘ ጉተታው ቆዳዋ ድረስ አይደርስም። የምትኖሩባት የደሴ ብርድ ከባድ ስለሆነ ራሷን የምታጥቢያት ፀሐይ ሞቅ ሲል ይሁን።

ግንባሯና ጆሮ ግንዷ አካባቢ ላላ አድርገሽ ጎንጉኚ። እዚያ ያለው ጸጉር ስስ ነው፤ እየተወጠረ ከቆየ ይነቀላል፣ ሲደጋገም ጭራሽ ላይመለስም ይችላል። ሥሩ ላይ ብጉር ነገር ካየሽ "ትለምደዋለች" አትበይ፣ ወዲያው ፍቺው። ደግሞ ለሕፃን ቀጫጭን ሹሩባ ምን ያደርጋል? አራት አምስት ወፈር ያሉ ጉንጉኖች ይበቋታል።