ተራ ወታደር ካርታ የለውም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዘዞ ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ግንባር የቆየ ሰው ነው። እሱን ይዤ ልቦለድ ጀመርኩና 40 ገጽ ደረስኩ። መልሼ ሳነበው ግን ዜና ሆነብኝ፤ «ክፍለ ጦሩ ማጥቃት ጀመረ፣ ጠላት አፈገፈገ» ምናምን። አጎቴ ደግሞ ቡና ላይ ስለ ውጊያው ትቶ ስለ ካልሲና ስለ ኮቾሮ ነው የሚያወራኝ። ይሄን ምን ላድርገው? ጓደኛዬ ይባስ ብላ «ጠመንጃ ሳትይዢ ስለ ወታደር ምን አገባሽ» አለችኝ። እውነቷን ይሆን?

መልስ፦ እታለም፣ ከጓደኛሽ ልጀምር፣ እሷን ቶሎ እንለፋት። ስቴፈን ክሬን የሚባል አሜሪካዊ በ1895 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ስለ አንድ የፈራ ወጣት ወታደር ልቦለድ አሳተመ። የጻፈው ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ጦርነቱ ያለቀው በ1865፣ እሱ የተወለደው በ1871። መጽሐፉ ሲወጣ ሰውየው ገና ውጊያ የሚባል ነገር በዓይኑ አላየም ነበር። ጀርመናዊው ደራሲ ሬማርክ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቷል፤ ግን በ1917 ምዕራብ ግንባር ደርሶ 2 ወር ሳይሞላው ቆስሎ ሆስፒታል ገባ። ዓለም ያነበበለት መጽሐፍ የወጣው ከዚያ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ናዚዎች በ1933 መጽሐፉን አደባባይ አውጥተው አቃጠሉት፤ ወታደር ራበኝ፣ ፈራሁ ሲል አልተመቻቸውም። ለጓደኛሽ ይሄን ንገሪያትና ቡና ጋብዣት።

አሁን ወደ 40 ገጽሽ። ዜና የሆነብሽ ከተራራ ላይ ቆመሽ ስለምታዪ ነው። አጎትሽ እኮ ክፍለ ጦሩ ሲያጠቃ አላየም። ያየው ከፊቱ የሚሄደውን ልጅ ጀርባ ነው። የጓዱን፣ ማለት የትንሿን ቡድኑን፣ ልጆች አንድ በአንድ ያውቃል፣ ከዚያ ከፍ ያለችውን የመቶዋን ልጆች በመልክ ይለያል፣ የሻምበሉን አዛዥ በድምፅ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለእሱ ወሬ ነው። የት እንዳሉ የሚነግረው የለም። ቦታውን መያዛቸውን ራሱ ማታ ከሬዲዮ ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ኮሎኔል ካርታ የሚዘረጋበት ምዕራፍ ካለሽ አውጪው፤ እንደምትወጂው ይገባኛል፣ ግን አውጪው።

ካልሲውን ምን ላድርገው ትያለሽ? መጽሐፉ እኮ እሱ ነው! ካልሲ እርጥብ ሆኖ ከዋለ እግር ይላጣል። እግሩ የተላጠ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል። እሱ ሲቀር የተሸከመው ጥይት ሌላው ትከሻ ላይ ይወጣል፣ ያኛው ደግሞ ትናንት የራሱን ኮቾሮ አካፍሎት የነበረ ነው፣ እና አሁን ይረግመው ወይስ ይዘንለት ግራ ይገባዋል። ይኸው፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ አንድ ምዕራፍ። (ኮቾሮ ለማታውቁ፣ ድርቅ ያለ የወታደር ዳቦ ነው፤ ሻይ ውስጥ ካልነከሩት ጥርስ ያወልቃል።)

እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ አንድ ችግር አለብን። ሽለላና ቀረርቶ በየሠርጉ ሰምተን ስላደግን ስለ ጦርነት ልንጽፍ ስንቀመጥ ብዕራችን ሳናስበው «ዘራፍ» ይላል። ፉከራ የራሱ ሥራ ነበረው። ድሮ ከዘመቻ የተመለሰ ሰው አለቃው ፊት ቆሞ ማንን እንደጣለ፣ በምን ጠመንጃ እንደጣለ የሚናገርበት ነው፣ ሹመትና ሽልማትም ይከተለዋል። እንግዲህ እዚያ ላይ ተቅማጥ አይነሳም፣ እናቴ ናፈቀችኝም አይባል። ሙሾ ደግሞ ልጁ ከሞተ በኋላ ነው፣ ባለቤቷም እናትየዋ ናት። ያልፎከረውና ያልሞተው፣ ኮዳውን ይዞ ውኃ ወረፋ ላይ የቆመው ልጅ በሁለቱም ውስጥ የለም። የአንቺ ሰውዬ እሱ ነው።

ቃላት ላይ ተጠንቀቂ። የጦር ክፍሎቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ በደርግ ሠራዊት ጓድ፣ መቶ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ ነበር የሚባሉት። «ጋንታ» የሚለው የጦር ክፍል ስም በዚያን ጊዜ ከወዲያኛው ወገን፣ ከታጋዮቹ ዘንድ ነበር። አጎትሽን «ጋንታችን» ካስባልሽው የድሮ ወታደር ሁሉ መጽሐፉን እዚያው ገጽ ላይ ይዘጋዋል። ይሄን በራሴ ስለደረሰብኝ ነው የምነግርሽ፤ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ፒያሳ ላይ አስቁሞ አርሞኛል፣ ያውም ሰው ፊት።

አጎትሽን «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብለሽ አትጠይቂው፣ የሚመልስልሽ እንደ ሬዲዮው ነው። አጠገብህ ማን ይተኛ ነበር? ያኮርፍ ነበር? ደብዳቤ ማን ይጽፍልህ ነበር? ብለሽ ጠይቂው። ዝም ካለ አንቺም ዝም በዪ፣ ቡናውን ቅጂ። የሞቱ ጓደኞቹን ስም ደግሞ ቀይሪ፤ እናቶቻቸው በሕይወት ይኖሩ ይሆናል።

የአጎትሽ ነገር በጣም ቅርብ ሆኖ እጅሽን ከያዘሽ ለመለማመጃ ራቅ ያለ ጦርነት ውሰጂ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወርጂ ቁልቋልበርን ታልፊያለሽ። ጣልያን እዚያ የወደቀው ኅዳር 12 ቀን 1934 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር፤ ከ6 ቀን በኋላ ጎንደር ራሷ እጅ ሰጠች። ምሽግ ውስጥ ከጣልያኖቹ ጋር አስካሪ፣ ማለት ለጣልያን የሚዋጋ አፍሪካዊ ወታደር፣ ነበር። ከውጭ የእንግሊዝ መኮንኖች የሚያዙት የምሥራቅ አፍሪካ ወታደርና የእኛ አርበኛ። አንድ ከኬንያ የመጣ ልጅ የኅዳርን ሌሊት ብርድ እዚያ ገደል ላይ እንዴት እንዳደረው አስቢ። ለምን እንደመጣ እንኳ በቅጡ የነገረው የለም ይሆናል። 3 ገጽ ጻፊና ላኪልኝ።

ጥያቄ፦ እኔም የወታደር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ስድባቸውን እንዳለ ላስገባው ወይስ ላለዝበው? (ከማራኪ)

መልስ፦ አስገባው። በየመስመሩ ከሆነ ግን ይሰለቻል፤ ወታደርም ቢሆን አሥር አለቃው ብቅ ሲል አፉን ይሰበስባል፣ ያንን አሳየን። እናቴ ታነበዋለች ብለህ ፈርተህ ከሆነ፣ የእኔም አንብባለች። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ በሦስተኛው ቀን ቡና ጠራችኝ።